ትልቅ ስክሪን ያለው ስልክ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ብር ከማውጣታችሁ በፊት

ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የምትሰሙት ኢንች ነው። «ይሄ 6.5 ነው፣ ያኛው 6.7 ነው» ይላችኋል ሻጩ። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው የድሮው 5.5 ከሆነ በአንድ ኢንች የሚበልጥ ስልክ ልትይዙ ነውና ልብ ቶሎ ይከጅላል። ግን ረጋ በሉ። ኢንቹ የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ነው እንጂ በወርድ አይደለም። ስልኮች ደግሞ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ እየረዘሙ ነው የመጡት፣ እየሰፉ አይደለም።

እስቲ እናስላው። የድሮው 5.5 ኢንች፣ 16 በ9 የሚባለው ቅርጽ ያለው (ቁመቱ 16 ቢሆን ወርዱ 9 ማለት ነው)፣ የስክሪኑ ወርድ 6.85 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የዛሬው 6.5 ኢንች፣ 20 በ9 የሆነው፣ ወርዱ 6.8 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። አዎ፣ አልሰፋም። እንዲያውም በጥቂቱ ጠቧል። ያደገው ቁመቱ ነው፤ ከ12 ወደ 15 ሴንቲ ሜትር።

ይህ ለምን ያስጨንቀናል? ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ትልቅ ስክሪን የሚገዛው «ፊልም በደንብ ላይበት» ብሎ ነው። ዩቲዩብ ላይ የምታዩት ድራማና ቃለ መጠይቅ በብዛት 16 በ9 ነው። ስልኩን አግድም ስታዞሩት የምስሉን መጠን የሚወስነው የስልኩ ወርድ ነው፣ የተረፈው ቁመት ግራና ቀኝ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በ6.5ቱ ላይ የምታዩት ምስል በድሮው 5.5 ከምታዩት አይበልጥም። በጣት ለጥጣችሁ ስክሪኑን ብትሞሉት ደግሞ ከላይና ከታች ይቆረጣል፣ የሰውየው ግንባር ይጠፋል። ቲክቶክም ያው ነው፣ የቪዲዮው ወርድ አልተለወጠም። ኪቦርዱም እንደዚያው። አማርኛ ስትጽፉ ፊደሉን የምትስቱት ቁልፎቹ ጠባብ ስለሆኑ ከሆነ፣ የረዘመ ስልክ አያስተካክለውም።

ታዲያ ቁመቱ ምን ይጠቅማል? ንባብ ላይ ይጠቅማል፣ በደንብ። ቴሌግራም ላይ ረጅም ጽሑፍ የምታነቡ ከሆነ በአንድ ጊዜ ብዙ መስመር ታያላችሁ፣ ኪቦርዱ ሲወጣም የተጻጻፋችሁት ከላይ አይጠፋባችሁም። ተማሪዎች ደግሞ ፒዲኤፍ አላቸው። አንድ የኤ4 ገጽ 21 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ስልኩን ቀጥ አድርጋችሁ ስታነቡ ገጹ ወደ አንድ ሦስተኛ ይጠባል፤ በ12 ነጥብ የፊደል መጠን የተጻፈው የ4 ነጥብ ያህል ይሆናል፣ ይህ ደግሞ አይን መጨረስ ነው። አግድም ስታዞሩት ግን ያ 15 ሴንቲ ሜትር ሥራ ይጀምራል፣ 12 ነጥቡ ወደ 8 ተኩል ይሆናል፣ ይነበባል። በድሮው 5.5 ላይ አግድም ብታዞሩት እንኳ 7 ገደማ ነበር። ሞጁልና ሃንድአውት በስልክ የምታነቡ ሁሉ፣ ለእናንተ ትልቁ ስክሪን እውነተኛ ልዩነት አለው። ቀኑን ሙሉ ፒዲኤፍ ላይ የምትውሉ ከሆነ ግን እኔ የምመክረው ያላችሁን ስልክ ይዛችሁ ርካሽ ታብሌት እንድትጨምሩ ነው። ባለ 8 ኢንቹም ቢሆን ከተለመደው ስልክ የተሻለ ያስነብባል።

አይፎን የምታስቡ ስሌቱ ትንሽ ይለያል፣ ምክንያቱም ፕሮ ማክሶቹ በእርግጥ ይሰፋሉ። 13 እና 13 ፕሮ ማክስን ውሰዱ። አንዱ 6.1፣ ሌላው 6.7 ነው። የስክሪኑ ወርድ ልዩነት 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ቁመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል አይሞላም። ክብደቱ ግን ከ174 ግራም ገደማ ወደ 240 ገደማ ይዘላል። ከቨርና ፕሮቴክተር ጨምሩበት። ተኝቶ አንድ ሰዓት ለሚያነብ ሰው ስልኩን ከሥር የምትደግፈው ትንሿ ጣት ምስክር ትሆናለች።

አሁን ወደ ሙከራው። ለዚህ ምንም ብር አያስፈልግም።

መጀመሪያ፣ ችግራችሁ የፊደል ማነስ ከሆነ አሁን በያዛችሁት ስልክ ሴቲንግ ግቡና ዲስፕሌይ ውስጥ የፊደሉን መጠን ሁለት ደረጃ ከፍ አድርጉት። ጥቂት ቀን እንዲሁ ተጠቀሙበት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጉዳዩ ያልቅለታል። ዕድሜያችሁ አርባን ያለፈ ከሆነና ስልኩን ከፊታችሁ እያራቃችሁ ማንበብ ከጀመራችሁ ደግሞ የሚያስፈልጋችሁ የዓይን ምርመራና መነጽር ነው። ስልክ ብትቀይሩም ማራቃችሁ አይቀርም።

ፊደላችን የራሱ ጣጣ አለው። «ሊ» እና «ሌ»ን የሚለያቸው እግራቸው ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት ናት። ስክሪኑ ትልቅ ሆኖ ጥራቱ ዝቅ ካለ ያቺ ቀለበት ትደፈናለች። ርካሾቹ ትልልቅ ስልኮች ብዙዎቹ 720 በ1600 ፒክስል ናቸው (ፒክስል ምስሉ የሚሠራባት ጥቃቅን ነጥብ ናት)። በ6.5 ኢንች ላይ ይህ በአንድ ኢንች 270 ፒክስል ይሆናል። ፉል ኤችዲ የሚባለው፣ 1080 በ2400 ከሆነ፣ 405 ይደርሳል። ሱቅ ውስጥ «ፉል ኤችዲ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዚያም አንድ ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ ክፈቱና ፊደሉን አሳንሳችሁ እዩት። በመጠኑ ያነሰ ግን ጥራት ያለው ስክሪን ሁልጊዜ እመርጣለሁ።

ሁለተኛ፣ ካርቶን ቁረጡ። የትልቅ ስልክ ያህል፣ 16 ሴንቲ ሜትር በ7.8። በኪሳችሁ ያዙት፣ ቁጭ በሉበት፣ ቦርሳችሁ ውስጥ ክተቱት፣ በአንድ እጅ ይዛችሁ አውራ ጣታችሁን ወደ ላይኛው ተቃራኒ ጥግ ለማድረስ ሞክሩ። ይህን ሥራ በሚበዛበት ቀን አድርጉት። በጠዋት ታክሲ ውስጥ አንድ እጃችሁ ወንበር ይዞ በሌላው ለረዳቱ በቴሌብር ልትከፍሉ ስትሞክሩ፣ ወይም ሕፃን ታቅፋችሁ ስልክ ስታነሡ፣ ያ ጥግ ሩቅ ነው። አንድሮይዱም አይፎኑም ስክሪኑን ወደ ታች የሚያወርድ የአንድ እጅ ዘዴ አላቸው፣ ይረዳል፣ ግን በየጊዜው ያንን መንካት የሚያሰለቸው ሰው አለ። ከኪስ ግማሹ ወጥቶ የሚታይ ስልክ የሌባንም ዓይን ይስባል። ጠባብ ሱሪ የምትወዱ፣ እወቁት።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ አትግዙ የሚል መሰለ። አይደለም። ትልቅ ስልክ የሚሰጠው አንድ ነገር አለ፣ ለእኔ ከስክሪኑ ይበልጣል። ባትሪ። ሰፊ አካል ሰፊ ባትሪ ይይዛል። አፕል ራሱ ለ13 የሚለው ቪዲዮ እስከ 19 ሰዓት ነው፣ ለ13 ፕሮ ማክስ እስከ 28 ሰዓት። መብራት ጠዋት ሄዶ ማታ በሚመጣበት ሰፈር ለሚኖር፣ ወይም ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ሆኖ በስልክ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዩዝድ አይፎን ስትገዙ ግን ባትሪ ሄልዙን (ባትሪው ምን ያህል አቅም እንደቀረው የሚያሳየውን ቁጥር) ሳታዩ እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ አትስደዱ። የደከመ ባትሪ ያለው ፕሮ ማክስ ይህን ጥቅም አይሰጣችሁም፣ ክብደቱ ብቻ ይቀርላችኋል።

ለወላጆቻችሁ የምትገዙ ከሆነም ትልቁን ግዙ፣ ብዙ አታስቡ። እናቴ ወይም አባቴ ኪስ ውስጥ ይከብዳቸዋል አትበሉ፣ ስልካቸው አብዛኛውን ጊዜ ቤት ነው ያለው። ፊደሉን ታሳድጉላቸዋላችሁ፣ ከዚያም በኋላ ስክሪኑ ላይ በቂ ቃላት ይተርፋል። ትንሽ ስልክ ላይ ፊደል ሲያድግ አንድ መልእክት ሦስት ገጽ ይሆናል። ዱባይ ወይም ቤይሩት ያለች ልጃቸው በኢሞ ስትደውልም ፊቷን በትልቅ ስክሪን ያዩታል።

አሁን ዋጋ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለውጥ በኋላ የስልክ ዋጋ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። ግን ሰው የሚረሳው ሁለተኛው ዋጋ አለ፤ የስክሪን መቀየሪያ። ትልቅ ስክሪን ሲወድቅ የመሰበር ዕድሉ ሰፊ ነው፣ አሞሌድ የሚባለው የስክሪን ዓይነት ከሆነ ደግሞ መቀየሪያው ያስደነግጣል። ስለዚህ ስልኩን ከመግዛታችሁ በፊት ጥገና ቤት ሂዱ። መርካቶ ይሁን መገናኛ፣ ቅርብ ያለው ጋ። «የዚህ ስልክ ስክሪን አለ? ኦሪጅናሉ ስንት ነው፣ ኮፒውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የስልኩን ዋጋ ግማሽ የሚጠጋ ከሆነ፣ ወይም «በትእዛዝ ነው የሚመጣው» ካሉ፣ ሌላ ሞዴል እዩ። አገር ውስጥ በብዛት የሚሸጡት የቴክኖና የሳምሰንግ ኤ ሞዴሎች እዚህ ላይ ይሻላሉ፣ ዕቃቸው በየቦታው ይገኛል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። የያዛችሁት ስልክ ባለ 6 ኢንችና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ለስክሪን ብቻ ብላችሁ አትቀይሩ፤ ልዩነቱ በሳምንት ውስጥ ይለመድና ይረሳል። የያዛችሁት 5.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነና ንባብ የምታበዙ ከሆነ ግዙ። ስልኩ እየቆመባችሁ ወይም የባንክና የቴሌብር አፖች አፕዴት አልሆን እያሉ ከሆነም ቀይሩ፣ አዲስ የሚመጣው አንድሮይድ እንደሆነ ወደዳችሁም ጠላችሁም ትልቅ ነው፣ ትንሽ ስልክ ገበያ ላይ እየጠፋ ነው። አፕል እንኳ ከ13 ሚኒ በኋላ ሚኒ መሥራት አቁሟል።

ቆርጣችሁ ከሄዳችሁ፣ ሱቅ ውስጥ አትቸኩሉ። የራሳችሁን ቪዲዮ ክፈቱበት። ነጭ ገጽ አውጡና ጥግ ጥጉ ቢጫ ወይም ጥቁር መሆን አለመሆኑን እዩ። ከዚያ አንድ አፕ በጣታችሁ ተጭናችሁ ያዙና ሳትለቁት ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች በየመስመሩ ጎትቱት። መሀል ላይ ከለቀቀ እዚያ ቦታ ላይ ንኪው አይሠራም፣ ስልኩን መልሱና ሌላ ይምጣላችሁ።