ምድጃ ያሳሳተን ነገር፦ ስለ ከዋክብት፣ ስለ ኑክሌር ማብላያና ስለ ጨረር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፊዚክስ ሳስተምር በየዓመቱ የሚገጥመኝ ነገር አለ። ተማሪው ቀመሩን በቃሉ ይወጣዋል፤ «ፀሐይ ለምን ታበራለች?» ሲባል ግን «ስለምትነድ» ይላል። አልፈርድበትም። ሙቀትንና ብርሃንን ያወቅነው ከምድጃ ነው፤ ነዶ፣ ጨሶ፣ ከስሞ አመድ ሲሆን ካየነው እሳት። ስለ ኑክሌር የምንሳሳታቸው ብዙዎቹ ስህተቶች የሚመነጩትም ይህንኑ የምድጃ ልምድ ወደማይሠራበት ቦታ ይዘነው ስንሄድ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ፀሐይ እየነደደች ነው»

እንጨት ሲነድ ካርቦንና ሃይድሮጅን ከኦክስጅን ጋር ይጣመራሉ። በዚህ ሥራ የሚሳተፉት የአቶሙ ዳር ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች ብቻ ናቸው፤ የአቶሙ እምብርት የሆነው አስኳሉ አይነካም። ፀሐይ ከነክብደቷ የድንጋይ ከሰል ብትሆን፣ የሚያነድዳት ኦክስጅንም ቢሟላላት፣ በዛሬው የብርሃን መጠኗ ጥቂት ሺህ ዓመታት ብቻ ነበር የምትቆየው። ዕድሜዋ ግን 4.6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው።

ይህ ጥያቄ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትልልቅ ሊቃውንትን አስጨንቋል። ሎርድ ኬልቪን ፀሐይ በራሷ ስበት እየተኮማተረች እንደምትሞቅ አስቦ ዕድሜዋን በአሥር ሚሊዮኖች ዓመታት ገመተ፤ የምድርን አለቶች የሚያጠኑት ሰዎች ደግሞ ይህ ጊዜ እጅግ ያንሳል ይሉ ነበር። መንገዱን የጠቆመው የሥነ ፈለክ ሊቁ አርተር ኤዲንግተን ነው፤ በ1920 ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም ሲለወጥ የሚጎድለው ክብደት ኃይል ሊሆን እንደሚችል ተናገረ። ሴሲሊያ ፔይን በ1925 ከዋክብት በአብዛኛው ሃይድሮጅን መሆናቸውን አሳየች፤ ሐንስ ቤቴ በ1939 የዚህን ለውጥ ደረጃዎች አንድ በአንድ ዘረዘረ። አራት የሃይድሮጅን አስኳሎች አንድ የሂሊየም አስኳል ሲሆኑ ከክብደታቸው 0.7 በመቶው ይጎድላል። ፀሐይ በሴኮንድ 600 ሚሊዮን ቶን ያህል ሃይድሮጅን ትለውጣለች፤ ከዚህ ውስጥ 4 ሚሊዮን ቶን ገደማው ወደ ኃይል ይቀየራል።

«ማብላያ ማለት ትንሽ ፀሐይ ነው»

ዛሬ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት የኑክሌር ማብላያዎች (ሪአክተሮች) የሚሠሩት የፀሐይን ተቃራኒ ነው። ፀሐይ ቀላል አስኳሎችን ታዋህዳለች፤ ማብላያ ከባዱን የዩራኒየም አስኳል ይከፍላል። ሁለቱም ኃይል የሚሰጡት በክብደታቸው ለብረት አስኳል የሚቀርቡት አስኳሎች ከሁሉም በላይ በጥብቅ የተሳሰሩ ስለሆኑ ነው፤ ከቀላሉም ከከባዱም ወገን ወደዚያ መጠጋት ትርፍ አለው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያስገርም ነገር ልጨምር። የፀሐይ እምብርት 15 ሚሊዮን ዲግሪ ይሞቃል፤ ሆኖም ከአንድ ሜትር ኩብ የሚወጣው ኃይል 300 ዋት እንኳ አይሞላም። እንጀራ የምንጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይወስዳል። በፀሐይ ውስጥ አንድ ፕሮቶን (የሃይድሮጅን አስኳል) ከሌላው ጋር እስኪዋሃድ በአማካይ ቢሊዮኖች ዓመታት ይጠብቃል፤ ያን ሁሉ ብርሃን የሚሰጠን ስፋቷ ነው። በምድር ላይ ውህደትን ለመሥራት የሚጥሩት መሐንዲሶች ይህን ያህል የመጠበቅ ዕድል ስለሌላቸው ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ለማሞቅ ይገደዳሉ።

«ማብላያ እንደ አቶሚክ ቦምብ ሊፈነዳ ይችላል»

አይችልም። የተለመደው የማብላያ ነዳጅ ከ3 እስከ 5 በመቶ የበለጸገ ዩራኒየም ነው፤ ማለትም በቀላሉ የሚከፈለው የዩራኒየም ዓይነት ድርሻው ይህን ያህል ነው፤ ለቦምብ የሚፈለገው 90 በመቶ ገደማ ነው። ሚያዝያ 1986 በዩክሬን የቼርኖቤልን ማብላያ ያፈረሰው ኃይሉ ከቁጥጥር ወጥቶ የተፈጠረ የእንፋሎት ፍንዳታ ነበር። አደጋው ከባድ አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ዓይነቱ ግን ሌላ ነው። ከግዙፎቹ የማቀዝቀዣ ማማዎች የሚወጣው ነጭ ደመናም ቢሆን የውሃ ተን ነው።

«ማብላያው ከጠፋ አደጋው አለፈ»

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ስህተት ነው። እናቶቻችን ማታ እሳቱን በአመድ ያዳፍናሉ፤ ጠዋት አመዱ ሲገለጥ ፍሙ ቀይ ነው። የጠፋ ማብላያ ለዚህ ይቀርባል፤ ፍም ግን ውሃ ሲደፋበት ይጠፋል። ዩራኒየም ሲከፈል የሚወለዱት ስብርባሪ አስኳሎች አብዛኞቹ ያልተረጋጉ ናቸው፤ ክፍፍሉ ከቆመ በኋላም እየፈረሱ ሙቀት ይሰጣሉ፤ ይህን መፍረስ የሚያስቆም ቁልፍ የለም። ማብላያው በጠፋበት ቅጽበት ይህ ሙቀት ከሙሉ ኃይሉ ከ6 እስከ 7 በመቶ ነው፤ ከአንድ ቀን በኋላ ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል።

መጋቢት 11 ቀን 2011 የጃፓን ምድር ሲናወጥ በፉኩሺማ ዳይቺ የኑክሌር ጣቢያ ይሠሩ የነበሩት ሦስቱ ማብላያዎች ወዲያው በራሳቸው ጠፉ። ክፍፍሉ ቆመ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የመጣው ሱናሚ ግን ማቀዝቀዣውን የሚያንቀሳቅሱትን የናፍጣ ጄኔሬተሮች አሰጠመ። ቁጥር 1 ማብላያ በሙሉ ኃይሉ 1,380 ሜጋዋት ሙቀት ይሰጥ ነበር፤ ከዚህ ላይ 6 በመቶው 80 ሜጋዋት ያልፋል። ውሃው ተኖ አለቀ፣ ነዳጁ ቀለጠ፤ የነዳጁ የዚርኮኒየም ሽፋን ከእንፋሎት ጋር ተዋህዶ ሃይድሮጅን አወጣ፤ ሕንጻዎቹን ያፈነዳው ይህ ጋዝ ነው።

«ጨረር የነካው ሁሉ ጨረር ይረጫል»

በጨረር መመታትና ጨረር አመንጪ ቁስ መያዝ የተለያዩ ናቸው። አዲስ አበባ ቃሊቲ ውስጥ የከብት በሽታ የሆነውን ገንዲን የሚያስተላልፈው ቆላ ዝንብ ይረባል፤ ወንዶቹ በጋማ ጨረር ይመክኑና ወደ ደቡብ ስምጥ ሸለቆ ይለቀቃሉ። ዝንቦቹ መከኑ እንጂ ጨረር አመንጪ አልሆኑም፤ ኤክስሬይ ተነሥቶ የወጣ ሰውም እንዲሁ። አስታማሚዎች ከእነዚህ ሰዎች ሲሸሹ ማየት ያሳዝነኛል። (ኒውትሮን የተባለው የአስኳል ቅንጣት ብቻ ሌላ ነው፤ የማብላያን ብረት ራሱን ጨረር አመንጪ ያደርገዋል።)

ሌላውን ወገን በ1987 ብራዚል ጎያኒያ ላይ የደረሰው ያሳያል። ከተተወ የሕክምና መሣሪያ ውስጥ ጨረር አመንጪ የሆነው የሴዚየም 137 ዱቄት ወጣ። በጨለማ ሰማያዊ ያበራ ስለነበር ሰዎች ለዘመድና ለጎረቤት አካፈሉት፤ ገላቸውን ቀቡት። አራት ሰዎች ሞቱ፤ 249 ሰዎች ላይ ወይም ውስጥ ዱቄቱ ተገኘ። እዚህ አደገኛው ነገር ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ዱቄት ነበር፤ ከእንዲህ ያለው የሚያድነውም ልብስ ማውለቅ፣ መታጠብና በተነካ እጅ አለመብላት ነው።

«ግማሽ ዕድሜው የረዘመ የከፋ ነው»

ግማሽ ዕድሜ ማለት ከአንድ ጨረር አመንጪ ቁስ ግማሹ እስኪፈርስ የሚወስደው ጊዜ ነው። እዚህ ላይስ ምድጃው ይረዳናል። ጭራሮ ቦግ ብሎ ያልቃል፤ ግንድ ቀስ ብሎ ያድራል። ግማሽ ዕድሜው 4.5 ቢሊዮን ዓመት የሆነው ዩራኒየም 238 በግራም ሲለካ የሚረጨው ጨረር ትንሽ ነው። አዮዲን 131 ግማሽ ዕድሜው 8 ቀን ብቻ ነው፤ ከቼርኖቤል በኋላ በተበከለ ወተት አማካይነት የሕፃናትን የእንቅርት ዕጢ የጎዳው ግን እሱ ነው። በ80 ቀን ውስጥ ከሺህ አንድ እጅ በታች ይቀንሳል። ለረጅም ጊዜ ሰዎችን ከመሬታቸው የሚያስለቅቀው ግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት የሚሆነው ሴዚየም 137 ነው፤ ለመርጨትም ብርቱ፣ ለመቆየትም ረጅም። ሁለት ግማሽ ዕድሜ ሲያልፍ ሁሉም አለቀ የሚሉም አሉ፤ ሩቡ አለ።

«እኛ ጋ ጨረር የለም»

በዓለም ላይ አንድ ሰው ከተፈጥሮ የሚያገኘው ጨረር በአማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት (ገላ የሚቀበለው ጨረር መለኪያ) ነው፤ ትልቁ ድርሻ ከመሬት ከሚወጣው የራዶን ጋዝ ይመጣል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ከጠፈር የሚመጣው ጨረር ከጅቡቲ ይልቅ እዚህ ይበረታል። በድንችና በሙዝ የምንበላው ፖታሲየም ውስጥ ደግሞ ፖታሲየም 40 አለ፤ በአንድ አዋቂ ሰው ገላ ውስጥ በየሴኮንዱ በሺዎች የሚቆጠሩ የዚህ አስኳሎች ይፈርሳሉ። እነዚህ አስኳሎች የተሠሩት ፀሐያችን ከመወለዷ በፊት በሞቱ ከዋክብት ውስጥ ነው።