እጅ የማይደርስበት ብሎን፦ ካምቢዮ ሲወርድና ሲገጠም

አዳማ ውስጥ ሚኒባስ የሚጠግን ሰው ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውንና የሚያለያየውን ክፍል) ሳይቀይር የሚያልፈው ሳምንት ጥቂት ነው። ወደ አሰላ የሚሠሩት መኪኖች ሰውና ጭነት ሞልተው ዴራንና ኢተያን እያለፉ ከስምጥ ሸለቆ ወደ አርሲ ደጋ ይወጣሉ፤ ፍሪሲዮን የሚያልቀው እንዲህ ዓይነት መንገድ ላይ ነው። እሱን ለመቀየር ደግሞ ካምቢዮው፣ ማለትም ማርሽ የሚቀያየርበት ሳጥን፣ መውረድ አለበት። ሥራውን አስቸጋሪ የሚያደርጉት ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር ከሚያስተሳስሩት ብሎኖች መካከል ከላይ፣ ከወለሉ ሥር የተሸጎጡት ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። ረዳቴ በጀርባው ተኝቶ «ጋሼ፣ እጄ አይደርስም» ሲለኝ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ እጅህን ለማርዘም አትድከም፣ ቦታውን አስፋ።

ብሎኑ ይታያል፣ ቁልፍ ግን አይገባበትም

እንደ ቶዮታ ሃይስ ባሉ የኋላ ጎማቸው በሚነዳ መኪኖች ላይ ሞተሩና ካምቢዮው በአንድ መስመር ተያይዘው የተቀመጡ ናቸው። የካምቢዮው ሰፊ አፍ ከወለሉ ብረት ጋር ስለሚቀራረብ ከላይ ያለው ክፍተት እጅ አያስገባም። መፍትሄው የካምቢዮውን ጅራት ዝቅ ማድረግ ነው።

መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ንቀሉ። መኪናውን በጠንካራ ማቆሚያ ላይ አሳርፉ፤ በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ሥር የሚገባ ሰው በነፍሱ እየተጫወተ ነው። የካምቢዮውን ዘይት አፍስሱ፣ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ አውጡ። ከዚያ በሞተሩ የዘይት ቋት ሥር ሰፊ ጣውላ አድርጋችሁ በክሪክ ደግፉት፤ ካምቢዮውንም በሌላ ክሪክ ያዙት። አሁን ካምቢዮውን ከኋላ የሚይዘውን አግዳሚ ብረት ፍቱና ቀስ እያላችሁ አውርዱ። አራት ወይም አምስት ጣት ያህል ዝቅ ሲል ያ የተደበቀ ብሎን ከኋላ በኩል ፊት ለፊት ይታያል። ሲወርድ አንድ ሰው ከፊት ቆሞ ማራገቢያው ከራዲያተሩ ሽፋን ጋር እንዳይነካካ፣ የውኃ ጎማና ሽቦ እንዳይወጠር ይመልከት።

መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ቡሶላውን (የብሎኑን ጭንቅላት የሚውጠውን ቁልፍ) በረጅም ማራዘሚያ፣ ተገጣጥሞ ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር በሚደርስ፣ በካምቢዮው አናት ላይ አሳልፉት። ጫፉ ላይ የሚተጣጠፍ መገጣጠሚያ ያስፈልጋል። መገጣጠሚያው እየተንከላወሰ ካስቸገራችሁ የኤሌክትሪክ ፕላስተር ጠቅልሉበት፤ ለመታጠፍ እሺ ይላል፣ እንደ ሞተ አንገት ግን አይወድቅም።

እንደ ኮሮላና ቪትስ ባሉ የፊት ጎማቸው በሚነዳ መኪኖች ላይ ነገሩ ይለያል። የላይኞቹ ብሎኖች የሚገኙት ባትሪውና የአየር ማጣሪያው ሳጥን ሲወጡ ከላይ ነው። ይህን አሥር ደቂቃ ለመቆጠብ ብሎ ከሥር ሁለት ሰዓት የሚታገል ባለሙያ አይቻለሁ።

ቁልፉ ይገባል፣ መዞሪያ ግን የለውም

ቡሶላውን ወዲያ ወዲህ እያለ የሚያዞረውን እጀታ ጥርስ ቁጠሩ። ባለ 24 ጥርስ እጀታ ቀጣዩን ጥርስ ለመያዝ 15 ዲግሪ መዞር አለበት፤ ባለ 72 ጥርስ ግን 5 ዲግሪ ይበቃዋል። ጠባብ ቦታ ላይ ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው።

ብሎኑ አልነቃነቅ አለ፣ ጭንቅላቱም መላጥ ጀመረ

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የብሎኑ ሳይሆን የእኛ ነው። አሥራ ሁለት ማዕዘን ያለው ያረጀ ቡሶላ፣ በጭቃና በዘይት የተሞላ ጭንቅላት ላይ፣ መገጣጠሚያው ክፉኛ ታጥፎ እያለ በሙሉ ጉልበት ይሳባል፤ ከዚያ ምን ይጠበቃል? መገጣጠሚያው በታጠፈ ቁጥር ጉልበቱ ወደ ጎን ይባክናል፤ ቡሶላውም ከጭንቅላቱ ላይ ያዘነብላል።

ጭንቅላቱን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። ቶዮታ ላይ ብዙውን ጊዜ የምታገኙት 14 እና 17 ቁጥር ነው፤ ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ ተጠቀሙ። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ማታ ረጭታችሁ እስከ ጠዋት ተዉት። ስትጀምሩ ትንሽ ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ሞክሩት፤ የዝገቱ ቁርኝት ሲሰበር እጃችሁ ይሰማዋል፣ ከዚያ መልሱት። ጭንቅላቱ ከተላጠ አንድ ቁጥር የሚያንስ ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ በመዶሻ አስገብቶ መፍታት ይቻላል። እሳት ግን አልመክርም፤ አካባቢው የነዳጅ ቱቦና ዘይት ነው፣ የካምቢዮው አካልም አሉሚኒየም ነው።

ሁሉም ብሎን ወጥቷል፣ ካምቢዮው ግን አልላቀቅ አለ

ሁሉም አልወጣም። ይህን የምለው በኪሴ ተምሬ ስለሆነ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እንዲህ ብሎ የያዘኝን ካምቢዮ በመሮ ፈልቅቄ ለማላቀቅ ስሞክር ብሎን የሚገባበት የአሉሚኒየሙ ጆሮ ተሰበረ። ከሞተሪኖው (ሞተሩን ከሚያስነሳው ክፍል) ጎን፣ ደረቅ ጭቃ የሸፈነው አንድ ብሎን ነበር። በማግስቱ በራሴ ገንዘብ አሮጌ ካምቢዮ ፍለጋ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ወረድኩ።

ስለዚህ ዙሪያውን አጽድታችሁ የብሎን ቀዳዳዎቹን በጣታችሁ ቁጠሩ። ዓይን በማይደርስበት በስልካችሁ ካሜራ ፎቶ አንሱ። የሞተሪኖውን ብሎኖችና ከታች ያለችውን ቀጭን ሽፋን አትርሱ። በእርግጥ ምንም ካልቀረ የያዘው ሁለቱን አካላት የሚያስተካክለው ዝገት የበላው ቁም ብረት ነው፤ በጎማ መዶሻ ግራ ቀኙን እየመታችሁ በእኩል አላቅቁት። የወጣውን እያንዳንዱን ብሎን ደግሞ ካርቶን ላይ የካምቢዮውን አፍ ሥላችሁ በየቦታው ሰኩት። ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ሌላ ጣጣ ነው።

ሲገጠም አንድ ጣት ያህል ክፍተት ቀረ

ብሎን እያጠበቃችሁ ልትስቡት አትሞክሩ፤ ጆሮው የሚሰበረው በዚህም ነው። የፍሪሲዮኑ ዲስክ መሐሉን አልያዘም፣ ወይም የካምቢዮው ዘንግ ጥርሶች ከዲስኩ ጋር አልገጠሙም። ማርሽ አስገብታችሁ ከካምቢዮው ኋላ የሚወጣውን ዘንግ ጥቂት አዙሩ፣ የክሪኩንም አቅጣጫ ከሞተሩ ዝንባሌ ጋር አስተካክሉ። ካምቢዮው በዲስኩ ላይ ተንጠልጥሎ እንዲቆይ አትፍቀዱ። አውቶማቲክ ከሆነ ኮንቨርተሩ (በፍሪሲዮን ቦታ ኃይል የሚያስተላልፈው ክፍል) እስከ መጨረሻው መግባቱን ሳታረጋግጡ አትግፉ። የከተማችን ነፋስ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ያስተከለ ነው፤ የተከፈተውን ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ።

ያ የላይኛው ብሎን ከቡሶላው እየወደቀ ካስቸገረ አናቱ ላይ ቁራጭ ወረቀት ጣል አድርጋችሁ ቡሶላው ውስጥ አጣብቁት። ሁሉንም ብሎኖች በእጅ ጥቂት ዙር ካስገባችሁ በኋላ ብቻ፣ ተቃራኒ ተቃራኒውን እያፈራረቃችሁ፣ በአምራቹ መመሪያ መጠን አጥብቁ። ቀጥ ያለ ማራዘሚያ ጥብቀቱን የሚለካውን ቁልፍ ንባብ አይለውጠውም፤ የታጠፈ መገጣጠሚያ ግን ይለውጠዋል። ካርቶኑ ላይ አንድ ብሎን ከቀረ ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ቢያይም መኪናው አይወጣም፤ የቀረው ብዙውን ጊዜ ያው የላይኛው ነው።