ሺንግሉ ሳይነቀል ኮርኒሱ ለምን ወደቀ? በሀሪኬን አካባቢ የአቲክ አየር ማስተላለፊያ ስህተቶች

በቴክሳስ፣ ሂውስተንና ጋልቬስተን አካባቢ ቤት የገዙ ወገኖቻችን ጣሪያ ሲያስመረምሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ስለ ሺንግሉ፣ ማለትም ስለ ጣሪያው የላይ ንጣፍ፣ ነው። ከሀሪኬን በኋላ ግን ሺንግሉ እንዳለ ሆኖ ኮርኒሱ ሳሎን መሃል ተዘርግፎ የሚገኝባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ ሙቀትና እርጥበት እንዲያስወጡ ለአቲኩ፣ ማለትም በጣሪያውና በኮርኒሱ መሃል ላለው ባዶ ቦታ፣ የተተዉት ክፍተቶች በሚገባ ካልተያዙ ለዝናቡም መግቢያ ይሆናሉና።

እጅግ የሚያስመርረኝ ስህተት ሶፊትን፣ ማለትም ከታዛው ሥር ያለውን ባለቀዳዳ ሽፋን፣ እንደ ጌጥ መቁጠር ነው። በአዘቦቱ ዝናብ ከታች ወደ ላይ የሚገባ ውሃ ስለሌለ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። በሀሪኬን ጊዜ ግን ግድግዳውን የመታው ነፋስ ዝናቡን ይዞ ሽቅብ ይወጣል፤ ሶፊቱ ጠርዙ በሐዲድ ውስጥ ብቻ የተሰካ ስስ ቪኒል ወይም አሉሚኒየም ከሆነ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ አለዚያም ተመንግሎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ አቲክ ውስጥ ያለው ኢንሱሌሽን (የሙቀት መከላከያው) ውሃውን ይጠጣል፣ የኮርኒሱ ጂፕሰምም ክብደቱን መሸከም አቅቶት ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 ቻርሊ የተባለው ሀሪኬን ፍሎሪዳን ከመታ በኋላ ጉዳቱን ያጠኑ መሐንዲሶች ይህንኑ መዝግበዋል፤ ሆኖም ዛሬም "ሶፊት ምን ሊያመጣ?" የሚለኝ ሠራተኛ አላጣሁም። በ2024 ከቤሪል ሀሪኬን በኋላ ያገኘኋቸው አንድ አባወራ፣ ከቤታቸው ማዕዘን የተነቀለው ሶፊት አጥር ሥር ወድቆ ሳለ፣ ጣሪያው ያፈሰሰ መስሏቸው ሺንግሉን ሬንጅ ያስቀቡ ነበር።

ፍተሻው ቀላል ነው። መሰላል ላይ ይውጡና ሽፋኑን በመዳፍዎ ወደ ላይ ገፋ ያድርጉት፤ በግድግዳው በኩል ያለው ጠርዝ ከሐዲዱ ሾልኮ ከወጣ የያዘው ነገር የለም ማለት ነው። በግድግዳውም በውጭውም ጠርዝ በማይዝግ ብሎን ይታሰር፤ ታዛው ሰፊ ከሆነ መሃሉ ላይ የእንጨት ድጋፍ ይጨመርለት፤ መገጣጠሚያውም በፖሊዩሬታን ማሸጊያ ይያዝ። የአየር ቀዳዳዎቹን ግን አይድፈኗቸው።

ዝናብ ፈርቶ ሁሉን መድፈን ራሱን የቻለ ስህተት ነው። በሂውስተን እርጥበት የታፈነ አቲክ ሻጋታ ያበቅላል፤ ይባስ ብሎም በብዙ ቤቶች የጋዝ ማሞቂያው የሚቀመጠው እዚያው አቲክ ውስጥ ስለሆነ፣ ለቃጠሎው አየር የሚስበው ከዚያ ከሆነ፣ ክፍተቱን መዝጋት ካርቦን ሞኖክሳይድ እስከማስከተል ይደርሳል። ጣሪያውን ከውስጥ በፎም አሽጎ አየር የማያስገባ አቲክ መሥራት የታወቀ ዘዴ ቢሆንም፣ ሙሉ በሙሉ በባለሙያ የሚሠራ እንጂ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሞከር አይደለም።

ጣሪያ ላይ ሆነው በነፋስ የሚሽከረከሩት አየር ማውጫዎች፣ ተርባይኖቹ፣ ለማዕበል አልተሠሩም። ነፋሱ ሳይጀምር፣ ከፍታ የለመደ ሰው የላይኛውን ክፍል ፈትቶ ቀዳዳውን በኮምፔርሳቶና በብሎን ይክደነው። ፌስታል መጠቅለል ዋጋ የለውም። ማዕበሉ ሲያልፍ ደግሞ ይከፈት፤ ሐምሌን ሙሉ ተከድኖ የቆየ ጣሪያ አይቻለሁ።

ተርባይን ባለበት ጣሪያ ላይ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ የሚጨምሩም አሉ። ማራገቢያው አየር የሚስበው ከሩቁ ሶፊት ሳይሆን ከቅርቡ ተርባይን ስለሆነ ትርፉ የመብራት ሂሳብ ነው፤ በማዕበል ጊዜ ደግሞ ዝናቡን ስለሚስብ አስቀድሞ ይጥፋ።

የመታጠቢያ ቤት አየር ማውጫ አቲክ ውስጥ አይለቀቅ። ኢንሱሌሽን ሲነፋም የሶፊቱን መግቢያ እንዳይዘጋ ቢያንስ የ2.5 ሴንቲ ሜትር የአየር መተላለፊያ ይተው።

በመጨረሻም የክፍተቱ መጠን በግምት አይወሰን። መነሻው የአቲኩ ወለል ስፋት ለ150 ሲካፈል ነው፤ ከላይና ከታች ያለው ክፍተት ሲመጣጠን ብዙ ጊዜ ለ300 ማካፈል ይፈቀዳል። የሚቆጠረው ወንፊቱና ክንፎቹ የሚይዙት ቦታ ተቀንሶ የሚተርፈው የተጣራ ክፍተት ነው። ለጣሪያው አናት የሚገጠመውን አየር ማውጫ ሲገዙ፣ ከ1992ቱ የአንድሩ ሀሪኬን በኋላ ደንቡን ያጠበቀው የፍሎሪዳው ማያሚ ዴድ አውራጃ ያጸደቀው መሆኑን ይጠይቁ፤ ገጣሚው ሚስማር ሲያወጣ ካዩም ያስቁሙትና ላስቲክ ያለው የማይዝግ ብሎን ያምጣ።