ፊዚዮቴራፒስቶች በሪፈርና በሕክምና መዝገብ ረገድ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ በፊዚዮቴራፒ ሙያ የተሰማሩ ወገኖቻችን፣ በተለይም የራሳቸውን ክሊኒክ ለመክፈት የሚዘጋጁት፣ ስለ ሪፈር (ሐኪም ታካሚውን ወደ ሌላ ባለሙያ የሚልክበት ወረቀት) ሲጠይቁ «አሁን ሪፈር ቀርቷል» የሚል መልስ ይሰጣቸዋል። እርግጥ ነው፣ ዛሬ በ50ዎቹም ግዛቶች ታካሚ የሐኪም ወረቀት ሳይዝ በቀጥታ ወደ ፊዚዮቴራፒስት መሄድ ይችላል። ነገር ግን ፈቃዱ በየግዛቱ ገደብ ተበጅቶለታል፤ የመጀመሪያው ስህተትም ይህን ገደብ አለማወቅ ነው። በካሊፎርኒያ ያለ ሪፈር ማከም የሚቻለው ለ45 ቀናት ወይም ለ12 ጉብኝቶች ሲሆን፣ ከሁለቱ ቀድሞ የሚደርሰው ወሳኝ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሐኪም ታካሚውን በአካል መርምሮ የሕክምና ዕቅዱን ማጽደቅ አለበት። በኒው ዮርክ ደግሞ ገደቡ 10 ጉብኝት ወይም 30 ቀን ነው፤ ባለሙያውም ቢያንስ የ3 ዓመት የሥራ ልምድ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጉብኝት ቀንና ገደቡ የሚያበቃበት ቀን በመዝገቡ የፊት ገጽ ላይ ቢጻፉ፣ በሥራ ብዛት ሳይታወቅ ከሕግ ውጭ ማከም አይመጣም።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ግዛቱ የሚፈቅደውንና ከፋዩ ኢንሹራንስ የሚጠይቀውን እንደ አንድ መቁጠር ነው። የሙያ ፈቃድ ሕጉ «ማከም ትችላለህ» ይላል እንጂ «ይከፈልሃል» አይልም። ሜዲኬርን፣ ማለትም በዋናነት ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሞላቸውን የሚሸፍነውን የፌዴራል መንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ እንውሰድ። ሜዲኬር ታካሚው ሪፈር ይዞ እንዲመጣ አያስገድድም፤ ነገር ግን ፊዚዮቴራፒስቱ ያወጣውን የሕክምና ዕቅድ ሐኪም ወይም ሕጉ የሚፈቅድለት ሌላ ባለሙያ ሕክምናው በተጀመረ በ30 ቀናት ውስጥ በፊርማው እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል፤ ሕክምናው ከቀጠለም ማረጋገጫው ቢዘገይ በ90 ቀን መታደስ አለበት። ከ2025 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተፈረመበትና ቀን የተጻፈበት ሪፈር በመዝገቡ ውስጥ ካለ፣ ዕቅዱም በ30 ቀናት ውስጥ ለሐኪሙ እንደተላከ ማስረጃ ከተያዘ፣ የመጀመሪያው ፊርማ ባይመለስ እንኳ ክፍያው አይከለከልም። ይህ ማቅለያ ለእድሳት አይሠራም። ዕቅዱ መላኩን የሚያሳየው የፋክስ ማረጋገጫ ከመዝገቡ ጋር አብሮ መቀመጥ ያለበትም ለዚህ ነው። የግል ኢንሹራንሶች ደግሞ የየራሳቸው ውል ስላላቸው፣ ታካሚው ከመምጣቱ በፊት ደውሎ መጠየቅ፣ መልስ የሰጠውን ሰው ስምና የተደወለበትን ቀንም መመዝገብ ይገባል።

የታካሚውን ለውጥ የሚያሳየውን የሂደት ሪፖርት ለፊዚዮቴራፒስት ረዳት መተው ሌላው የተለመደ ስህተት ነው። ሜዲኬር ቢያንስ በየ10 የሕክምና ቀን ሪፖርት ይጠይቃል፤ ረዳቱ የዕለቱን ማስታወሻ መጻፍ ቢችልም ይህን ሪፖርት የሚጽፈው ፊዚዮቴራፒስቱ ራሱ ነው። ደቂቃን በግምት መሙላትም እንዲሁ ያስጠይቃል፦ በጊዜ በሚለካ ሕክምና ከ8 እስከ 22 ደቂቃ አንድ ዩኒት (የክፍያ መለኪያ)፣ ከ23 እስከ 37 ደቂቃ ሁለት ዩኒት ይባላል፤ 20 ደቂቃ አክሞ ሁለት ዩኒት የሚያስከፍል ሰው ያልሠራበትን ጠይቋል።

«ታካሚዋ ሕክምናውን በደንብ ተቀብላለች» የሚለው ዓረፍተ ነገር በየቀኑ እየተገለበጠ ሲደጋገም፣ መዝገቡን የሚያነብ ሐኪምም ሆነ መርማሪ አንዳች ነገር አያገኝበትም። «ጉልበቷ ከ70 ወደ 95 ዲግሪ ታጥፏል፤ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ 12 እርከን ወጥታለች፤ ስትወርድ ግን አሁንም ያማታል» ተብሎ ሲጻፍ ግን ሕክምናው ለምን እንደሚቀጥል ግልጽ ይሆናል። የተረሳ ነገር ካለ የሚጨመረው በተጻፈበት ቀን፣ ዘግይቶ የገባ መሆኑ ተገልጾ ነው፤ የቀድሞውን ጽሑፍ መሰረዝ ወይም ቀኑን ወደ ኋላ መመለስ ፈቃድ ሊያሳጣ ይችላል።

በግል መረጃ በኩል ስህተቱ ከሁለቱም ወገን ይመጣል። አንዳንዱ ሂፓን (የጤና መረጃ ምስጢርን የሚጠብቀውን የፌዴራል ሕግ) ከመፍራት የተነሳ ታካሚውን ለላከው ሐኪም እንኳ መዝገብ አልልክም ይላል፤ ሕጉ ግን ለሕክምና ሲባል በባለሙያዎች መካከል የሚደረግን ልውውጥ ያለ ታካሚው የጽሑፍ ፈቃድም ይፈቅዳል። ሌላው ደግሞ ለመረጃው ጥበቃ ሳይጠነቀቅ በቫይበር ወይም በቴሌግራም የታካሚን የራጅ ውጤት ለሚያውቀው ሐኪም ይልካል። ታካሚው ራሱ መዝገቡን ሲጠይቅ ደግሞ በ30 ቀናት ውስጥ ሊሰጠው ይገባል፤ ያልተከፈለ ዕዳ ስላለበት መከልከል አይቻልም።

በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ እጅግ የሚያሳስበኝ ልጆችን አስተርጓሚ ማድረግ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ከድንገተኛ አደጋ በስተቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን እንዲያስተረጉም ማድረግ አይችልም። ከወሊድ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሽንቷን መቋጠር ያቃታት እናት፣ በልጅ ልጇ ፊት «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር ምን ትላለች? መዝገቡም «ችግር የለም» ተብሎ ይዘጋል፤ ከእሷ በኋላ የሚያክማትም ሰው በዚያው ላይ ተመሥርቶ ይሠራል። ብቁ አስተርጓሚ መጠራቱና ማን እንደነበር በማስታወሻው ላይ መስፈር አለበት።

ታካሚ ለሚልክ ሰው ስጦታም ሆነ «የሻይ» ገንዘብ መስጠትም አይገባም። ታካሚው በሜዲኬር ወይም በሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) የሚታከም ከሆነ ይህ በፌዴራል ሕግ እስራት የሚያስከትል ወንጀል ነው፤ ሰጪውም ተቀባዩም ይጠየቃሉ።

በመጨረሻም መዝገብ ሕክምናው ሲያበቃ አይጣልም። በካሊፎርኒያ ታካሚው ከተሰናበተ በኋላ ቢያንስ 7 ዓመት ይቀመጣል፤ ታካሚው ልጅ ከነበረ ከ7 ዓመት ሳያንስ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ ቢያንስ ለአንድ ዓመት መቆየት አለበት። ሌሎች ግዛቶች የየራሳቸው ዘመን አላቸው። ክሊኒኩን የሚዘጋ ባለሙያም መዝገቦቹ የት እንደሚቀመጡና ማን እንደሚጠየቅ በሩን ከመዝጋቱ በፊት ለታካሚዎቹ በጽሑፍ ሊያሳውቅ ይገባል።