ሃርድ ዲስክ ስንቀይር በብዛት የምንሠራቸው ስህተቶች

ዲስኩ «ጠቅ፣ ጠቅ» ማለት ከጀመረ ሳምንት አልፎታል። የላፕቶፑ ባለቤት የማስተርስ ተማሪ ናት። ሳምንቱን ሙሉ «አንዴ ከተነሳልኝ እገለብጠዋለሁ» እያለች ስታጠፋና ስታበራ ከርማለች። ወደ እኔ ስትመጣ አዲስ ዲስክ ገዝታ ነበር። «ወንድሜ፣ ይኸው ዕቃው፤ ቶሎ ግጠምልኝ» አለችኝ። ካርቶኑን ስከፍተው ትልቁ የዴስክቶፕ ዲስክ ነው። ላፕቶፕ ውስጥ በፍጹም አይገባም። የመመረቂያ ጽሑፏ ደግሞ ያለው በሚያንኳኳው ዲስክ ላይ ብቻ ነው።

የሰው ኮምፒውተር ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። መግጠሙ ራሱ ካቻቢቴ ለያዘ ሰው የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ከዚያ በፊት ነው። ሲገዛ፣ ሲላክ፣ ወይም አሮጌው ዲስክ እያቃሰተ ዝም ሲባል።

የሚያንኳኳ ዲስክን ደጋግሞ ማስነሳት

ከሁሉም የሚከፋው ይኼ ነው። ዲስኩ ውስጥ እንደ መስታወት የለሰለሰ ሰሌዳ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራል። ሄድ የሚባለው የማንበቢያ ክፍል ሰሌዳውን ሳይነካ በላዩ ላይ ይንሳፈፋል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጥፍ ያንሳል። ሄዱ ሲጎዳ ሰሌዳውን ሊፍቀው ይችላል። የተፋቀ ቦታ ላይ የነበረ ፋይል ደግሞ በማንም እጅ አይመለስም። እያንዳንዱ ማብራት አንድ ተጨማሪ ጭረት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ድምፅ ከሰማችሁ አጥፉት። ዊንዶውስ «ዲስኩን ላስተካክል?» ብሎ ቢጠይቅ እሺ አትበሉት፤ የደከመውን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ያስሮጠዋል። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት የሚሏችሁንም አትስሙ፤ እርጥበት ይገባዋል። ክዳኑን መክፈትማ አይታሰብም። ዲስኩ አሁንም የሚነበብ ከሆነ መጀመሪያ በጣም የምትፈልጉትን ፎልደር ብቻ ገልብጡ። ፊልሙና ዘፈኑ ይቆይ።

ላፕቶፑን ሳይከፍቱ መግዛት

«ሃርድ ዲስክ አለህ?» ብሎ ሱቅ መግባት «ጫማ አለህ?» ብሎ ቁጥር እንዳለመናገር ነው። የዴስክቶፑ 3.5 ኢንች፣ የላፕቶፑ 2.5 ኢንች ነው። 2.5ቱም ቢሆን ውፍረቱ ይለያያል። 7 ሚሊ ሜትር የሆነው በ9.5 ቦታ ይገባል፤ 9.5ቱ ግን በ7 ቦታ አይገባም። ከውጭ የሚመጡ ብዙ ጊጋ የሚይዙ አንዳንዶቹ 15 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ እነሱ የሚገቡበት ላፕቶፕ እኔ ገጥሞኝ አያውቅም።

አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ማስቲካ የምትመስለዋ፣ የሚሽከረከር ነገር የሌላት ኤም ዶት ቱ (M.2) አለች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከማሽኑ ጋር በምትገናኝበት መንገድ ሁለት ዓይነት ናት፤ ሳታ (SATA) እና ኤንቪኤምኢ (NVMe)። በመልክ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ማሽኑ ሳታ ብቻ የሚቀበል ከሆነ ኤንቪኤምኢውን ብትሰኩት አያየውም። ርዝመትም አላት። 2280 የሚል ከተጻፈ 22 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 80 ሚሊ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። 2242 እና 2230 የሚባሉ አጫጭሮችም አሉ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ክፈቱት፣ አሮጌውን ዲስክ ከነጽሑፉ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፣ የላፕቶፑን ሞዴል ከሥሩ አይታችሁ ጻፉ። ሱቅ ስትሄዱ ፎቶውን አሳዩ።

«አዲስ ነው» ሲባል ማመን

መርካቶም ሆነ መገናኛ አዲስ ዲስክ አለ፣ ያገለገለ አለ፣ ታጥቦ አዲስ ፕላስቲክ የለበሰም አለ። ያገለገለ መግዛት ነውር የለውም። ያገለገለውን በአዲስ ዋጋ መግዛት ግን ያሳዝናል።

ዲስክ የሠራበትን ሰዓት ራሱ ይመዘግባል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ (CrystalDiskInfo) የሚባል ነፃ ፕሮግራም ላፕቶፓችሁ ላይ ጫኑና ይዛችሁት ሂዱ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ዲስኩን በዩኤስቢ ኬብል ሰክታችሁ እዩት። አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ የሠራ ዲስክ 8,760 ሰዓት ይቆጥራል። «አዲስ» የተባለው 20,000 ካሳየ ከሁለት ዓመት በላይ ደክሟል ማለት ነው። ከሰዓቱ ቀጥሎ 05 እና C5 የሚሉት ሁለት መስመሮች ላይ ያለውን እዩ። የመጀመሪያው ተበላሽተው የተተኩ ቦታዎችን፣ ሁለተኛው ለመነበብ ያስቸገሩትን ይቆጥራል። ዜሮ ካልሆኑ ዲስኩን ለባለ ሱቁ መልሱለት።

ይኼ ቆጣሪ ግን ሊታጠብ ይችላል። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ጀርመን ውስጥ አዲስ ተብለው የተሸጡ የሲጌት ዲስኮች በሺዎች የሚቆጠር ሰዓት የሠሩ ሆነው ተገኝተዋል። ተራው ቆጣሪ ወደ ዜሮ ተመልሶ ነበር። ያጋለጣቸው ፋርም (FARM) የሚባለው፣ ዲስኩ ለብቻው የሚይዘው ሌላ መዝገብ ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ በተጨማሪ ዓይናችሁንም ተጠቀሙ። የብሎን ቀዳዳው ተፍቋል? መሰኪያው ላይ ጭረት አለ? ከሆነ ተገጥሞ ያውቃል።

ሌላው የውሸት መጠን ነው። በፍላሽ ዋጋ የሚሸጥ «16 ቴራ» ኤስኤስዲ (SSD፣ ሰሌዳ ሳያሽከረክር በቺፕ ላይ የሚጽፍ ዲስክ) ውስጡ ሲከፈት ትንሽዬ የስልክ ሚሞሪ ካርድ ተሸጉጦበት ይገኛል። ኮምፒውተሩ 16 ቴራ ብሎ ያሳያል፤ ከሞላ በኋላ ግን በላዩ ላይ እየጻፈ የቀደመውን ያጠፋል። ኤች ቱ ቴስት ደብሊው (H2testw) የሚባለው ነፃ ፕሮግራም እስከ ጫፍ ሞልቶ ይፈትሽላችኋል። ባለ 1 ቴራው 931 ጊጋ ብሎ ቢያሳይ ግን አትደንግጡ። እሱ የአቆጣጠር ልዩነት ነው፤ ባለ 500ውም 465 ይላል።

ደረሰኙ ላይ የዲስኩን ሲሪያል ቁጥር አስጽፉ። ያለዚያ ስትመልሱት «ይኼ የእኔ ዕቃ አይደለም» ትባላላችሁ።

ሻንጣ ውስጥ ወርውሮ መላክ

አንድ ዘመዴ ከአሜሪካ ሰው ሲመጣ አገኘና ዲስክ ላከልኝ። አሳቢ ሰው ነው፤ እንዳይመታ ብሎ ካልሲ ውስጥ ከተተው። ካልሲውን ጫማ ውስጥ፣ ጫማውን ለጭነት የሚሰጠው ሻንጣ ጥግ ላይ። ስሰካው ተሽከረከረ፣ ጥቂት ጮኸ፣ ቆመ።

ያልበራ ዲስክ በሥራ ላይ ካለው ይልቅ ምት ይችላል። ቢሆንም ሻንጣ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍታ ይወረወራል፤ ካልሲ ያንን አያበርድም። በደንብ የታሸገ ዲስክ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከፋብሪካ የመጣበት ግራጫማ የሚያብረቀርቅ ላስቲክ፤ ተራ ፌስታል ኤሌክትሪክ ስለሚያጠራቅም አይሆንም። ከዚያ በሁሉም በኩል ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ። ከዚያ ዲስኩ የማይንቀሳቀስበት ጠንካራ ካርቶን። ከሁሉም የሚሻለው ግን የእጅ ሻንጣ ነው። የኤርፖርቱ መፈተሻ ጨረር አይጎዳውም። ኤስኤስዲ ከሆነ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ጭንቀቱ በጣም ይቀንሳል፤ ለሚላክ ዕቃ ሁልጊዜ እሱን እመርጣለሁ።

ላኪው ዘመዳችሁን አንድ ነገር ለምኑት። ከመላኩ በፊት እዚያው ሰክቶ ይሞክረው። አንዴ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ መልሶ ለሻጩ መላክ ከዲስኩ ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ሲደርሳችሁም ቸኩላችሁ አትሰኩት። ከብርድ የመጣ ብረት ላይ ላብ ይወጣል። አንድ ሌሊት ቤት ውስጥ ይደር።

የቢትሎከርን ቁልፍ ሳይዙ ዲስኩን ማውጣት

ብዙ የዊንዶውስ 11 ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቡ ቢትሎከር (BitLocker) በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ዲስኩን ሳይነግሯችሁ ይቆልፉታል። አሮጌውን ዲስክ አውጥታችሁ በሌላ ኮምፒውተር ልትገለብጡ ስትሉ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቃችኋል። ላፕቶፑ ገና እየሠራ ሳለ አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉ። ኢሜይሉን የከፈተላችሁ የላፕቶፕ ሻጩ ከነበረና ፓስወርዱን የማታውቁት ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ አስተካክሉት።

ሲገጠም

እዚህ ላይ አላረዝምም። ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪውን አላቁ። ዲስኩን በጠርዙ ያዙ። ሳታ መሰኪያው አንድ ጎኑ የታጠፈ ስለሆነ በአንድ በኩል ብቻ ይገባል፤ እምቢ ካለ አትግፉት። ኤም ዶት ቱዋ ዘንበል ተደርጋ ትገባለች፣ ቀና ብላ ትቀራለች፣ ከዚያ ተጭና በትንሿ ብሎን ትታሰራለች። ብሎኗን ከመጠን በላይ አታጥብቁ። የ2012 ባለ 13 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ያላችሁ ደግሞ ዲስኩ ሞተ ከማለታችሁ በፊት ቀጭኗን የዲስክ ኬብል ቀይሩ፤ በእሷ መበላሸት ብዙ ደህና ዲስክ ተጥሏል።

ዴስክቶፕ ላይ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ስትገለብጡ ዩፒኤስ ይኑራችሁ። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ሥራው ከዜሮ ይጀመራል፤ የደከመው ዲስክ ደግሞ ለሁለተኛ ዙር አቅም ላይኖረው ይችላል።

አሮጌውን ወዲያው መሸጥ

ቢያንስ አንድ ወር አስቀምጡት። የረሳችሁት ፎልደር ትዝ የሚላችሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ስትሸጡትም ፈጣኑ ፎርማት ፋይሉን አያጠፋም፤ ማውጫውን ብቻ ነው የሚደመስሰው። ገዢው በነፃ ፕሮግራም የቤተሰብ ፎቶአችሁን መልሶ ሊያወጣ ይችላል። ፎርማት ሲደረግ «ፈጣን» የሚለውን ምልክት አንሡትና ሙሉውን ያጽዳ። ሰዓታት ይፈጃል፤ ይፍጅ።

ልጅቷ ዲስኩን እኔ ዘንድ ትታ ሄደች። ላፕቶፑን በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ከተጫነበት ፍላሽ አስነሥቼ የጥናቷን ፎልደር ብቻ መገልበጥ ጀመርኩ። ሦስት ምዕራፍ ወጣ፤ አራተኛው ላይ ዲስኩ ጸጥ አለ። ለአማካሪዋ በኢሜይል የላከችው ቆየት ያለ ቅጂ ስለነበረ አራተኛውን ከዚያ ተነሥታ እንደገና ጻፈችው። ላፕቶፗ ውስጥ ኤስኤስዲ ገጠምኩላት። በስህተት የገዛችውን ትልቁን ዲስክም አልመለሰችውም። የራሱ 12 ቮልት አዳፕተር ያለው ማቀፊያ ገዛንለት፤ አሁን ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጦ በየአርቡ ማታ የጥናቷን ቅጂ ይቀበላል።