ደሴና ኮምቦልቻን ለማያውቅ ሞተረኛ፦ በተራራ መንገድ ላይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ርዝመቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ አጭር ርቀት ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ 2,500 ሜትር ይወጣል። ሐረጎ በተባለው ተራራ ላይ እየተጠማዘዘ ሲወጣ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላ በኩል ተቆርሶ የቆመ አፈርና ዓለት አለ። በመካከሉ ተሳቢ የሚጎትቱ ከባድ መኪናዎች፣ ሚኒባሶች፣ ባጃጆች፣ እግረኞችና ከብቶች ይተላለፋሉ።

በዚህ መንገድ በየቀኑ የሚመላለስ ሾፌር ከቀጣዩ ኩርባ ጀርባ ምን እንዳለ በቃሉ ያውቀዋል። እንግዳ ሞተረኛ የሚያውቀው ዓይኑ የደረሰበትን ብቻ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች መልካቸው ይለያይ እንጂ አብዛኞቹ ከአንድ ቦታ ይመነጫሉ፤ ያላዩትን መንገድ እንዳዩት ቆጥሮ ከመንዳት።

ጉዞውን በኪሎ ሜትር መለካት

“25 ኪሎ ሜትር ናት፤ በግማሽ ሰዓት እገባለሁ” ብሎ ለሚጠብቀው ሰው ስልክ ደውሎ የተነሣ ሞተረኛ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ፍጥነቱን ወስኗል። በተራራ መንገድ ላይ ጊዜውን የሚወስኑት የኩርባዎቹ ብዛት፣ ከፊት ያለው ጭነት መኪናና የዕለቱ አየር ናቸው። ሰዓት ቆርጦ የተነሣ ሰው ከፊቱ የሚያዘግም መኪና ሁሉ ያበሳጨዋል፤ ማለፍ በማይቻልበት ቦታም ማለፍ ያምረዋል። ስለዚህ የመድረሻ ሰዓት ቃል አትግቡ። የግድ መናገር ካለባችሁ ያሰባችሁትን ጊዜ እጥፍ አድርጋችሁ ተናገሩ።

ዓይን ከሚያየው በላይ መፍጠን

ዋናው ስህተት ይህ ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ ቢረሱ እንኳ ይህ እንዳይረሳ እፈልጋለሁ። ደንቡ አጭር ነው፦ ጥርት አድርጋችሁ በምታዩት የመንገድ ርዝመት ውስጥ መቆም መቻል አለባችሁ።

ስሌቱን እንየው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል፤ በ60 ሲሄድ ወደ 17 ሜትር። አደጋውን አይታችሁ እጃችሁ ፍሬን እስኪይዝ ቢያንስ አንድ ሰከንድ ያልፋል፤ ያንን ያህል መንገድ ምንም ሳታደርጉ ትጨርሱታላችሁ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የፍሬኑ ርቀት ይጀምራል። ይህ ርቀት ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የፍሬን ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ቁልቁለት ላይ ከዚያም ይብሳል። የሐረጎ ኩርባዎች ብዙ ጊዜ 20 እና 30 ሜትር ብቻ ነው የሚያሳዩት። ሜዳ ላይ ዝግታ የሚመስለው 60 ኪሎ ሜትር እዚህ የማይቆም ፍጥነት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ለማያውቁት ኩርባ አንድ አስተማማኝ መለኪያ አለ። ወደ ኩርባው ስትቀርቡ የመንገዱ ግራና ቀኝ ጠርዞች ከፊታችሁ የሚገናኙበትን የመጨረሻ ነጥብ ተመልከቱ። ነጥቡ ባለበት ቆሞ እናንተ እየቀረባችሁት ከሆነ ኩርባው እየጠበበ ነው፤ ፍጥነት ቀንሱ። ነጥቡ ከእናንተ ጋር እየሸሸ የሚሄድ ከሆነ ኩርባው እየተከፈተ ነው፤ ቀስ በቀስ ነዳጅ መስጠት ይቻላል። የኤሌክትሪክ ምሰሶዎችንና የዛፍ መስመሮችን አትመኑ፤ መንገዱ ሲታጠፍ እነርሱ ቀጥ ብለው ሊሄዱ ይችላሉ። ፍጥነት መቀነስና ማርሽ መመለስ ደግሞ ኩርባው ሳይጀመር፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ማለቅ አለበት።

አገሬውን ሾፌር መንገድ መሪ ማድረግ

ከአንድ ፈጣን ሚኒባስ ኋላ ተጠግቶ መሄድ ብልህነት ይመስላል፤ “እርሱ መንገዱን ያውቃል፣ እርሱ ባለፈበት አልፋለሁ” ይባላል። ሚኒባሱ አራት ጎማ አለው፤ እናንተ ሁለት። እርሱ በሁለት ጎማው መካከል አሳልፎ የሚተወው ጉድጓድ ወይም ድንጋይ ለእናንተ የሚታየው የፊት ጎማችሁ ሥር ሲደርስ ነው። ሰው ሲያይ ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ጥግ ይዞ ይቆማል። ሾፌሩ መንገዱን ቢያውቅም ስለ እናንተ የሚያውቀው ነገር የለም። ቢያንስ የሦስት ሰከንድ ርቀት ተዉ፤ መንገዱ እርጥብ ከሆነ እጥፍ አድርጉት።

ወደ መሐል መስመር መጠጋት

ገደሉን የፈራ ሰው ሳያስበው ወደ መንገዱ መሐል ይሸሻል። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን እዚህ አካባቢ ከገደሉ ይልቅ ቶሎ የሚደርስባችሁ ከፊት የሚመጣው ተሳቢ ነው። ጅቡቲ ደርሶ የሚመለሰው ጭነት በሚሌና በባቲ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ ስለሚወጣ እነዚህ ረጃጅም መኪናዎች ከመንገዱ አይጠፉም።

ረጅም መኪና ጠባብ ኩርባ ላይ እንዴት እንደሚታጠፍ ማወቅ ሕይወት ያድናል። የኋላ ጎማዎቹ የፊተኞቹን ዱካ አይከተሉም፤ ወደ ኩርባው ውስጠኛ ክፍል ይቆርጣሉ። ኩርባው ለእናንተ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ከሆነ ውስጠኛው ክፍል የእናንተ መስመር ነው፤ ስለዚህ የመኪናው ግንባር በራሱ መስመር ቢያልፍ እንኳ ተሳቢው ወደ እናንተ ሊገባ ይችላል። ኩርባው ለእናንተ ወደ ግራ ከሆነ ደግሞ ሾፌሩ ተሳቢው ከመንገድ እንዳይወጣበት አስቀድሞ ግንባሩን ወደ እናንተ መስመር አስፍቶ ያወጣዋል። በሁለቱም ኩርባ የሚጣበበው የእናንተ ቦታ ነው።

ወደ ግራ ስትታጠፉ ሌላም ነገር አለ። ጎማችሁ በመስመራችሁ ውስጥ ቢሆንም ሞተሩ ሲያዘነብል ጭንቅላታችሁና ትከሻችሁ ከመሐል መስመሩ አልፈው ሊወጡ ይችላሉ። በማይታይ ኩርባ ላይ የመስመራችሁን መሐል ወይም ከመሐሉ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዙ። እስከ ጠርዙ ግን አትሂዱ፤ መኪናዎች ከመንገድ ዳር እየጠረጉ የሚያመጡት ጠጠርና አፈር የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ከኩርባው በፊት ክላክስ ማሰማት እዚህ አገር እንደ ነውር አይቆጠርም። አሰሙ፤ መልስም አዳምጡ።

ኩርባ ውስጥ ደንግጦ ፍሬን መጨምደድ

ፍጥነቱ እንደበዛ ኩርባው መሐል ላይ የተገነዘበ ሰው ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ያደርጋል፦ ክንዱን ያደርቃል፣ የፊት ፍሬኑን ይጨምድዳል፣ ዓይኑን ገደሉ ላይ ይተክላል። ሦስቱም ወደ ገደሉ ይወስዱታል። ሞተር ዓይን ወደሚያይበት ይሄዳል፤ የሚያስፈራውን ጠርዝ አፍጥጦ የሚያይ ሰው ወደዚያው ይነዳል። ያዘነበለ ሞተር ላይ የፊት ፍሬን በኃይል ከተያዘ ደግሞ ጎማው ይንሸራተታል፤ ወይም ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይነሣና ከኩርባው ይወጣል።

በዚያች ቅጽበት የሚያድነው ጭንቅላትን ወደ ኩርባው መውጫ አዙሮ መሄድ የምትፈልጉበትን ቦታ ማየት ነው። ከዚያ በምትታጠፉበት በኩል ያለውን እጀታ ወደ ፊት ገፋ ማድረግ፤ ወደ ግራ ከሆነ የግራውን፣ ወደ ቀኝ ከሆነ የቀኙን። ሞተሩ ወደዚያው ያዘነብላል፣ ኩርባውም ይጠብላችኋል። ጤነኛ ጎማ ያለው ሞተር በደረቅ አስፋልት ላይ አብዛኛው ሰው ከሚያምነው በላይ ማዘንበል ይችላል። ፍሬን ካስፈለገ ቀስ እያላችሁ፣ በተለይ የኋላውን። ይህን ችሎታ ሐረጎ ላይ መማር አይቻልም። ሰፊና ባዶ ሜዳ ፈልጋችሁ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እጀታውን እየገፋችሁ ሞተሩ እንዴት እንደሚመልስ አስቀድማችሁ ልመዱት።

ቁልቁለትን ሞተር አጥፍቶ ወይም በፍሬን ብቻ መውረድ

ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ ወይም ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ የተለመደ ነገር ሆኗል። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ይወረዳል። በዚያ ሁሉ ቁልቁለት ክብደታችሁን የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ከሆነ ሸራው ይግላል፤ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። በዘይት የሚሠራ ፍሬን ከሆነ አሮጌው ዘይት ከአየር የሳበው ውኃ ፈልቶ አረፋ ይሠራል፤ ስትይዙት የፍሬኑ እጀታ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ሞተሩ ግን አይቆምም። የተቆጠበው ቤንዚን ዋጋ ለዚህ አይበቃም።

ቁልቁለቱን በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ውረዱ፤ ሞተሩ ራሱ ይያዛችሁ። ፍሬን ስትይዙ ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ ይሁን፤ ሳይለቁ መያዝ ነው የሚያግለው። የተቃጠለ ሽታ ከሸተታችሁ ወይም እጀታው ከላላ ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙና እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት።

በአቀበቱ በኩል ደግሞ የሚረሳው የጉልበት መቀነስ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ተራ ሞተር ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህሉን ያጣል። ቆላ ላይ በቀላሉ የምታልፉትን ጭነት መኪና ደሴ ስትቃረቡ ለማለፍ ረጅም መንገድ ይፈጅባችኋል። ያ ረጅም መንገድ ካልታያችሁ አትሞክሩት።

የመንገዱን ቋንቋ አለማንበብ

አስፋልት ላይ የተበተነ ለምለም ቅጠል ወይም ቅርንጫፍ ካያችሁ ንፋስ የጣለው አይደለም። ከፊት የተበላሸ መኪና ቆሟል ማለት ነው፤ ሾፌሩ ወይም ረዳቱ ለእናንተ የተወው ምልክት ነው። ወዲያው ፍጥነት ቀንሱ፤ መኪናው ብዙ ጊዜ የሚቆመው ኩርባው ላይ ነው። መኪናው ተጠግኖ ከሄደ በኋላም ለጎማው ታኮ የተደረጉት ድንጋዮች መንገድ ላይ ሊቀሩ ይችላሉ። ለመኪና ቀላል የሆነ ድንጋይ ሞተረኛን ይጥላል። ይህን ልማድ ሾፌሮች እንዲተዉት ከልቤ እመኛለሁ፤ እስከዚያው ግን ድንጋዩ ይኖራል ብላችሁ ንዱ። ከሙሉ ታንክ የሚፈስ ናፍጣም ኩርባ ላይ ነው የሚንጠባጠበው፤ የሚያብረቀርቅ መስመርና የናፍጣ ሽታ ሲመጣ ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ እለፉ።

ጉምንና የመጀመሪያውን ዝናብ መናቅ

ኮምቦልቻ ፀሐይ ሆኖ ሐረጎ ላይ ጉም መሆኑ የተለመደ ነው። በጉም ውስጥ ረጅሙን መብራት ማብራት ብርሃኑን መልሶ ዓይናችሁ ላይ ያመጣዋል፤ አጭሩን ተጠቀሙ። የምታዩት አሥር ሜትር ብቻ ከሆነ መንገድ ለቅቃችሁ፣ ከአስፋልቱ ርቃችሁ ቁሙ። ጠርዙ ላይ መብራት አብርቶ መቆም ከኋላ የሚመጣውን ሾፌር ያሳስታል፤ መንገዱ በዚያ የሚሄድ ይመስለዋል።

ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ ከሐምሌው ዶፍ ይልቅ የሚያንሸራትት ነው፤ የተጠራቀመውን አቧራና ዘይት ገና አላጠበውም። ክረምት ሲገፋ ደግሞ አደጋው ከተቆረጠው የተራራ ግድግዳ ይመጣል። ደሴና ዙሪያዋ የመሬት መንሸራተት የሚያጠቃቸው ናቸው። ሌሊቱን ዘንቦ ካደረ ጠዋት አስፋልት ላይ ጭቃና ድንጋይ ይጠብቃችኋል ብላችሁ ተነሡ።

የገበያ ቀንን አለማወቅ

የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ ስመ ጥር ገበያ ስለሆነ ከደጋውም ከአፋር ቆላም ሰውና ግመል ይጎርፍለታል። በዕለቱና በዋዜማው ከኮምቦልቻ ባቲ ያለውን መንገድ ከከብት መንጋ ጋር ትካፈሉታላችሁ። አንድ ፍየል ከተሻገረ ሌሎቹ ይከተላሉ፤ ስለዚህ ባዩት እንስሳ ፊት ለማለፍ አትቸኩሉ። ለግመልና ለበቅሎ ክላክስ አይነፋም፤ ይበረግጋሉ። እረኛውን በእጅ ሰላም ብላችሁ ቀስ ብላችሁ እለፉ።

ለብርድ፣ ለጭነትና ለምሽት ሳይዘጋጁ መነሣት

ኮምቦልቻ በሸሚዝ የተነሣ ሰው ደሴ ሲደርስ ጣቱ ደንዝዞ ፍሬኑን በቅጡ አይዝም፤ ጓንት የግድ ነው። የራስ ቁር የሞት አደጋን 42 በመቶ ገደማ፣ የጭንቅላት ጉዳትን 69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው አሳይተዋል፤ ማሰሪያው ካልታሰረ ግን ገና ሳትወድቁ ይወልቃል። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ካለ ኩርባ ላይ ወደ ተቃራኒው እንዳያዘነብል ሳትነሡ ንገሩት። ፀሐይ እንደ ወቅቱ በ12 ሰዓትና በ1 ሰዓት መካከል ግድም ትጠልቃለች፤ ደሴን ደግሞ ከምዕራብ የጦሳ ተራራ ስለሚጋርዳት ጥላው ቀድሞ ይወርድባታል። በ10 ሰዓት ኮምቦልቻ ላይ ከሆናችሁና መንገዱን የማታውቁት ከሆነ እዚያው እደሩ።

መንገዱን በደፈናው መጠየቅ

ከመነሣታችሁ በፊት ነዳጅ ማደያ ወይም ሻይ ቤት ያረፉ ሾፌሮችን ጠይቁ። “መንገዱ እንዴት ነው?” ካላችሁ “ደኅና ነው” ትባላላችሁ፤ የወሎ ሰው እንግዳን ማስፈራራት አይወድም። ይልቅ ቁርጥ ያለ ነገር ጠይቁ፦ “ጉሙ የት ጋ ጀመራችሁ? ድንጋይ የወረደበት ቦታ አለ? የተበላሸ ተሳቢ አይታችኋል? ከየትኛው ኩርባ በኋላ?” ከላይ ወርዶ ሻይውን ገና ያልጨረሰ ሾፌር ለእነዚህ መልስ አለው፤ አንዳንዱም ተነሥቶ ቦታውን በእጁ እያመለከተ ያስረዳችኋል።