ለአጠቃቀም ልማድዎ የሚስማማውን የሊነክስ ስርዓት እንዴት ይመርጣሉ?

ሊነክስ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ በብዙ ዓይነት የሚቀርብ ስርዓተ ክወና ነው፤ ከዓይነቶቹ አንዱን ለመምረጥ ሲነሡ፣ የስርዓቶቹን ስም ከማገላበጥዎ በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል በኮምፒዩተርዎ የሚሠሩትን ሥራና የሚከፍቷቸውን ፕሮግራሞች ይመዝግቡ። ከእያንዳንዱ ጎን በሊነክስ ላይ የሚሠራ መሆን አለመሆኑን፣ የማይሠራ ከሆነም ምን ሊተካው እንደሚችል ይጻፉ። ፋየርፎክስ፣ ክሮም፣ ቴሌግራምና ቪኤልሲ በሊነክስም ስላሉ፣ ሥራው በአብዛኛው በኢንተርኔት ላይ የሚያልቅ ሰው ለውጡ ብዙም አይከብደውም። አዶቤ ፎቶሾፕና በኮምፒዩተር ላይ የሚጫነው ማይክሮሶፍት ኦፊስ ግን ለሊነክስ አልተዘጋጁም። ሊብሬኦፊስ የዎርድና የኤክሴል ሰነዶችን ቢከፍትም፣ ማክሮ (ሥራን በራሱ የሚያከናውን ትንሽ ፕሮግራም) የበዛባቸው ሠንጠረዦችና ውስብስብ የገጽ አቀማመጥ ያላቸው ሰነዶች ሊዛቡበት ይችላሉ፤ ፕሮግራሙ በዊንዶውስም ስለሚሠራ፣ የራስዎን ፋይሎች አሁን ባለዎት ስርዓት ላይ ሆነው አስቀድመው ይፈትኑበት። ጨዋታ የሚወዱ ከሆነ፣ የጨዋታ ኩባንያው ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ፕሮቶን የተባለ ሶፍትዌር ብዙ የዊንዶውስ ጨዋታዎችን በሊነክስ ላይ ያስኬዳል፤ ማጭበርበርን የሚከላከል ሶፍትዌር ያላቸው አንዳንድ የኦንላይን ጨዋታዎች ግን እምቢ ይላሉ።

በእኔ እምነት ከሁሉም ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ዴስክቶፑ ነው፤ ይኸውም መስኮቶቹን፣ ሜኑውንና አሞሌውን የሚያቀርበው፣ ቀኑን ሙሉ ዓይንና እጅዎ የሚያርፍበት ክፍል ነው። ዊንዶውስን የለመደ ሰው ሜኑውን ከታች በስተግራ፣ የተከፈቱትን መስኮቶች በአሞሌው ላይ ማግኘት ስለሚፈልግ፣ ሊነክስ ሚንት የተባለው ስርዓት ይዞት የሚመጣው ሲናመን የተሰኘ ዴስክቶፕ ያለ ብዙ ልምምድ ይገባዋል። ግኖም የተባለው ሌላው ዴስክቶፕ በመነሻ ቅርጹ እንዲህ ያለ አሞሌ የለውም፤ መስኮቶችን በየሥራው ለይቶ በቁልፍ ሰሌዳ ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገር ለሚወድ ሰው ግን ጸጥ ያለ የሥራ ቦታ ይሆንለታል። ሁሉን ነገር እንደ ራሱ ፍላጎት ማስተካከል ለሚሻ ኬዲኢ ፕላዝማ፣ ራሙ ትንሽ ለሆነ አሮጌ ኮምፒዩተር ደግሞ ኤክስኤፍሲኢ ይስማማል። ከእነዚህ ዴስክቶፖች አብዛኞቹ ኡቡንቱ፣ ፌዶራና ዴቢያን በተባሉት የሊነክስ ስርዓቶች ሁሉ ላይ ሊጫኑ ስለሚችሉ፣ አንድን ስርዓት ዴስክቶፑ አልተመቸኝም ብለው ፈጥነው አይተዉት።

የስርዓቱ ስም ይበልጥ የሚወስነው የማሻሻያውን ፍጥነት ነው። የኡቡንቱ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያላቸው ስሪቶች በየሁለት ዓመቱ ወጥተው ለ5 ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛሉ፤ ዴቢያንም በዝግታና በጥንቃቄ የሚሄድ ነው። ፌዶራ በየስድስት ወሩ ገደማ አዲስ ስሪት ሲያወጣ፣ እያንዳንዱን የሚደግፈው ለ13 ወራት ያህል ብቻ ነው። አርች ሊነክስ ፕሮግራሞቹን ሳያቋርጥ ስለሚያድስ፣ ከማሻሻያ በፊት ማስታወቂያዎችን የማንበብና የተበላሸን ነገር በተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) የመጠገን ልማድ ለሌለው ሰው አልመክረውም። ኮምፒዩተሩ መሣሪያው ብቻ የሆነለት ሰው በዝግታ የሚታደሰውን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ምርጫዎን ወደ ሁለት ካጠበቡ በኋላ፣ የስርዓቱን ፋይል ከራሱ ድረ ገጽ አውርደው በፍላሽ ላይ ያዘጋጁትና ኮምፒዩተሩን ከፍላሹ ያስነሡ። አብዛኞቹ በዚህ መንገድ ሃርድ ዲስኩን ሳይነኩ ይሠራሉ። ዋይፋዩ መገናኘቱን፣ ድምፁን፣ ካሜራውንና ማተሚያውን፣ ላፕቶፑ ተከድኖ ሲከፈት በትክክል መነሣቱን ይፈትሹ፤ ከላቲን ውጭ በሆነ ፊደል የሚጽፉ ከሆነም የፊደል ገበታው መኖሩን ጽፈው ያረጋግጡ። የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ያለው ሰው ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ለብቻው መጫን ሊኖርበት ስለሚችል፣ ይህን የሚያቀልል እንደ ኡቡንቱ ወይም ሚንት ያለ ስርዓት ቢመርጥ ይጠቅመዋል።

ከመጫንዎ በፊት ፋይሎችዎን በሌላ ዲስክ ላይ ይገልብጡ። ዊንዶውስን ጎን ለጎን ለማቆየት ካሰቡ፣ ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ መሆኑን አይተው የመልሶ ማግኛ ቁልፉን ከኮምፒዩተሩ ውጭ ያስቀምጡ፤ ለሊነክስ የሚሆነውን ቦታም በዊንዶውስ በራሱ የዲስክ ማስተዳደሪያ ይቀንሱ። ዊንዶውስ ቶሎ እንዲነሣ የሚያደርገውን ቅንብርም ያጥፉት፤ ይህ ቅንብር በርቶ ሳለ ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ስርዓቱ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ፣ ዊንዶውስ ባለበት የዲስክ ክፍል ላይ ከሊነክስ ሆኖ መጻፍ ፋይሎችን ሊያበላሽ ይችላል።